በትሩማንስበርግ የሞግ ኩባንያ የሥራ ኑሮ ከ1963 እስከ 1971

ስለ አንድ ኩባንያ ታሪክ በሚጻፍበት ጊዜ አብዛኛውን ቦታ የሚይዘው የመሥራቹ የሕይወት ታሪክ ነው። ኩባንያው በመሥራቹ ስም የሚጠራ ሲሆንማ ሌሎቹ ሠራተኞች መኖራቸውም ይረሳል። እኛ በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንመረምር ያሰብነው ከዚህ የተለየ ጥያቄ ነው። ይኸውም፥ ሲንተሳይዘር የተባለው በኤሌክትሪክ ኀይል ድምፅ የሚፈጥር የሙዚቃ መሣሪያ መጀመሪያ ለገበያ ከተሠራባቸው ቤቶች በአንዱ ውስጥ፥ በየቀኑ ይሠሩ የነበሩት ሰዎች የሥራ ኑሮ ምን ይመስል ነበር የሚል ነው። ቤቱ በኒው ዮርክ ግዛት፥ ከኢታካ ከተማ በስተ ሰሜን ምዕራብ፥ ትሩማንስበርግ በምትባል ትንሽ መንደር የነበረው የሮበርት ሞግ ኩባንያ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው። የባለቤቱንም ስም ብዙ ሰዎች «ሙግ» እያሉ ቢያነቡትም ቤተ ሰባቸው «ሞግ» ብለው ስለሚጠሩት እኛም ይህንኑ ይዘናል።)

የታሪክ ተማሪ ስለ ሙዚቃ መሣሪያ ሠሪዎች ምን አገባው የሚለን አንባቢ ሳይኖር አይቀርም። መልሳችን አጭር ነው። ነገሥታትና ጦርነቶች ብቻ ታሪክ አይደሉም፤ የሰው እጅ የሠራው ዕቃም፥ ዕቃውን የሠራውም እጅ ታሪክ አለው። ደግሞም ድምፁ ከእኛ የራቀ አይደለም። የዋልያስ ባንድ አባል የነበሩት ኃይሉ መርጊያ በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ አኮርዲዮናቸውን ከሞግ ሲንተሳይዘር ጋር አጣምረው የቀረጹትን ካሴት የሰማ ኢትዮጵያዊ ሁሉ፥ ሳያውቀው የዚያ መንደር ሥራ ያፈራውን ድምፅ ሰምቷል።

ሮበርት ሞግ በ1934 በኒው ዮርክ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ጆርጅ ሞግ በኤሌክትሪክ ኩባንያ ተቀጥረው የሚሠሩ መሐንዲስ ነበሩ፤ እናታቸው ደግሞ ልጃቸው የታወቀ የፒያኖ ተጫዋች እንዲሆንላቸው ይመኙ ነበር። ልጁ በሁለቱ መካከል ገባ። ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳሉ ቴርሚን የተባለውን መሣሪያ ሠሩ። ይህ መሣሪያ በ1920 ገደማ ሊዮን ቴርሚን በተባሉ የሩስያ የፊዚክስ ሊቅ የተፈጠረ ሲሆን፥ ተጫዋቹ ምንም ሳይነካ እጁን በአየር ላይ በማቅረብና በማራቅ ብቻ ድምፁን ከፍና ዝቅ ያደርገዋል። በ1954 አባትና ልጅ በቤታቸው ውስጥ ቴርሚን እየሠሩ የሚሸጡበትን አነስተኛ ኩባንያ አቋቋሙ። ልጁ ከዚያ ወደ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ገብተው የዶክተርነት ትምህርታቸውን ሲከታተሉ፥ በ1961 ስለ ትራንዚስተር ቴርሚን አሠራር በአንድ የኤሌክትሮኒክስ መጽሔት ላይ ጽሑፍ አወጡ፤ ያልተገጣጠመውንም ዕቃ በ50 ዶላር ገደማ ለሚፈልግ ሁሉ በፖስታ መላክ ጀመሩ። ኢታካ ውስጥ በሚኖሩበት ሦስት ክፍል ቤት ሆነው ሺህ ያህል ሸጡ። ከዚህ ሥራ የተገኘው ገንዘብ ነው በ1963 በትሩማንስበርግ ዋና መንገድ ላይ ሱቅ ለመክፈት ያበቃቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። ሱቁ የተከፈተው ሲንተሳይዘር ለመሥራት አልነበረም፤ ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ዕቃ በአሳባቸውም አልነበረም። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ሞግ ቴርሚናቸውን ይዘው ሮቸስተር ከተማ ወደ ተደረገው የሙዚቃ መምህራን ስብሰባ ሄዱ። በዚያም ኸርበርት ዶይች ከተባሉ የሙዚቃ ደራሲና መምህር ጋር ተገናኙ። ዶይች በቴፕ ላይ ድምፅ እየቈረጡና እየቀጠሉ ሙዚቃ መሥራት ሰልችቷቸው ነበርና፥ አዲስ ድምፅ የሚያወጣና ሙዚቀኛው ራሱ የሚያዝበት መሣሪያ ቢኖር ብለው ተመኙ። በ1964 ክረምት ዶይች ወደ ትሩማንስበርግ መጥተው ከሞግ ጋር ጥቂት ሳምንታት አብረው ሠሩ። የሞግ የመጀመሪያው ሲንተሳይዘር የተወለደው በዚያ ክረምት ነው።

የሚቀጥለው ነገር በውል እንዲገባ መሣሪያው እንዴት እንደሚሠራ ጥቂት ማብራራት ግድ ይሆንብናል። መምህር ዶይች የነገሩት አንድ ታሪክ ለዚህ ይጠቅመናል። ከመሣሪያው የሚወጣው ድምፅ እንደ ፉጨት አንድ ወጥ ሆኖ የሚቀጥል ነበር፤ መነሻና መድረሻ አልነበረውም። ዶይች ይህን ሲያመለክቱ ሞግ ጥቂት አሰቡና መንገዱን ተሻግረው ከብረታ ብረት ሱቅ አንድ የበር ደወል መጫኛ ገዝተው እንዲያመጡላቸው ለመኗቸው። መጫኛውን ከሽቦ ጋር አያያዙት፤ ሲጫኑት ድምፁ ተነሣ፥ ሲለቁት ቀስ ብሎ ጠፋ።

ይህ ነገር ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን የሙዚቃ ድምፅ ሁሉ ምስጢር በዚህ ውስጥ አለ። ክራር ሲመታ ድምፁ በአንድ ጊዜ ብርቱ ሆኖ ይነሣና ወዲያው እየደከመ ይሞታል። በሚስዮን ትምህርት ቤት ሳለን እየረገጥን የምንነፋው ሃርሞኒየም ግን ቁልፉ እንደ ተጫነ እስከ ቈየ ድረስ ድምፁን ሳይለውጥ ይቈያል። የክራሩ ድምፅ ክራር፥ የሃርሞኒየሙም ሃርሞኒየም ሆኖ እንዲታወቅ ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ ይህ አነሣሥና አወዳደቅ ነው። ሞግ ይህን አነሣሥና አወዳደቅ በኤሌክትሪክ ግፊት፥ ማለት በቮልት፥ እንዲታዘዝ አደረጉት። የድምፁን ቅጥነትና ውፍረትም እንዲሁ፤ ግፊቱ በአንድ ቮልት ሲጨምር ድምፁ አንድ ኦክታቭ ይወጣል። የድምፁን ለስላሳነትና ሻካራነት የሚወስነው ማጣሪያም በዚያው ሕግ ይታዘዛል። ለዚህ ማጣሪያ ሞግ በ1966 የፈጠራ መብት ጠይቀው በጥቅምት 1969 ተሰጥቷቸዋል።

እንግዲህ ሁሉም ክፍል በአንድ ዐይነት ቋንቋ ስለሚነጋገር፥ አንዱን ክፍል ከሌላው ጋር በገመድ እየሰኩ ማናቸውንም ክፍል በማናቸውም ማዘዝ ይቻላል። መሣሪያው ትልቅ ቁም ሣጥን የሚያኽል፥ ፊቱ በመዘውሮችና በቀዳዳዎች የተሞላ፥ ገመዱም እንደ ቀድሞው የስልክ ማዞሪያ ቤት የተንዠረገገ ነበር። በአንድ ጊዜ ከአንድ ድምፅ በላይ አይጫወትም፤ በዚህ በኩል ከማሲንቆ ጋር ይመሳሰላል።

በጥቅምት 1964 ሞግ ጥቂት በእጅ የተሠሩ ክፍሎች ይዘው ኒው ዮርክ በተደረገው የድምፅ መሐንዲሶች ስብሰባ ላይ አሳዩ። እዚያም ትእዛዝ አገኙ። የመጀመሪያዎቹ ደንበኞች የዳንስ ትርኢት አዘጋጅ የነበሩት አልዊን ኒኮላይስና ለማስታወቂያ ሙዚቃ ይደርሱ የነበሩት ኤሪክ ሲዴይ ናቸው። ከዚህ በኋላ የትሩማንስበርጉ ሱቅ የቴርሚን ሱቅ መሆኑ እየቀረ ሄደ።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። በዚያ ቤት ውስጥ ሥራው እንዴት ነበር?

መጀመሪያ የእጅ ሥራውን እንመልከት። የትራንዚስተሩ፥ የካፓሲተሩና የሬዚስተሩ ጥቃቅን እግሮች በሰርኪት ሰሌዳው ቀዳዳዎች ውስጥ አንድ በአንድ ይገባሉ፤ ከዚያ በካውያ ይበየዳሉ። ይህን ሥራ በአብዛኛው ይሠሩ የነበሩት ከመንደሩና በአካባቢው ካለው የገበሬ አገር የመጡ ሴቶች ነበሩ። ከዚያ በፊት ኤሌክትሮኒክስ ያልተማሩ ነበሩ፤ ግን ጣታቸው ፈጣን፥ ዐይናቸውም የተጠነቀቀ መሆን ነበረበት። አንድ ብየዳ በደንብ ካልያዘ መሣሪያው በስተኋላ በተጫዋቹ እጅ ላይ ዝም ይላልና። ሽቦ የሚዘረጉ፥ የፊቱን ብረት የሚበሱ፥ የእንጨቱን ሣጥን የሚያዘጋጁ ሌሎች ነበሩ። ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ሥራ ደግሞ ከሁሉ ትዕግሥት የሚጠይቀው ነው። ከፋብሪካ አንድ ዐይነት ተብለው የሚመጡት ትራንዚስተሮች በእውነቱ አንድ ዐይነት አይደሉም። ማጣሪያው በደንብ እንዲሠራ ግን ጥንድ ጥንዱ መመሳሰል ስላለበት፥ እየለኩ የሚቀራረቡትን መምረጥ ያስፈልጋል። ይኸውም ዘር ከእንክርዳድ እንደ መልቀም ያለ ሥራ ነው።

ከዚያም ማስተካከል አለ። ድምፁን የሚፈጥረው ክፍል በሙቀትና በቅዝቃዜ የሚናወጥ ነበር። ክፍሉ ሲሞቅ ድምፁ ይሸሻል፤ ሲቀዘቅዝም እንዲሁ። ስለዚህ ሠራተኛው በአንድ እጁ ቀጭን ካቻቢቴ ይዞ፥ ዐይኑን በኦሲሎስኮፑ ላይ ተክሎ፥ ጆሮውን ደግሞ ለድምፁ ሰጥቶ፥ እያንዳንዱ ኦክታቭ በቦታው እስኪውል ድረስ ጥቃቅኖቹን መዘውሮች እየመለሰ ያዞራል። ሌላ ፋብሪካ ውስጥ የዕቃውን ጥራት የሚለካው ሚዛን ወይም መስፈሪያ ነው። እዚህ ግን የመጨረሻው ዳኛ ጆሮ ነበር። ይህ ነው እንግዲህ የሙዚቃ መሣሪያ በኤሌክትሮኒክስ የሚሠራበትን ቤት ሬዲዮ ወይም ቴሌቪዥን ከሚሠራበት ቤት የሚለየው።

ሁለተኛው ልዩነት የደንበኞቹ ነገር ነው። በተራ ፋብሪካ ውስጥ ገዢውና ሠሪው አይተያዩም፤ በመካከላቸው ነጋዴ አለ። በትሩማንስበርግ ግን ገዢዎቹ በበሩ ይገቡ ነበር። በ1965 ክረምት ሞግ ለሙዚቃ ደራስያን የሦስት ሳምንት የጋራ ሥራ አዘጋጁ፤ ደራስያኑም በመሣሪያዎቹ ላይ ሙዚቃ እየሞከሩ ሰነበቱ። የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው መምህር ቭላዲሚር ኡሳቼቭስኪ የድምፁ አነሣሥና አወዳደቅ በአራት ደረጃ እንዲከፈል ዝርዝሩን ጽፈው አዘዙ። የመነሻው ፍጥነት፥ የመጀመሪያው ዝቅታ፥ የመቈያው ልክና የመጥፊያው ጊዜ ተብሎ የተከፈለው ይህ ሥርዓት ዛሬም በአብዛኞቹ ሲንተሳይዘሮች ላይ የሚገኝ ነው። የፒያኖ ቁልፍ ይኑረው የሚለውንም አሳብ አጥብቀው የደገፉት ዶይች ናቸው። ስለዚህ «ሞግ የፈጠሩት» በምንለው መሣሪያ ውስጥ የደንበኞቹ አሳብ ስንት እጅ እንደ ሆነ መገመት ይቻላል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመን ግን የዴቪድ ቦርደን ነገር ነው። ቦርደን በኢታካ የሚኖሩ የሙዚቃ ደራሲ ነበሩ፤ ሞግም በኩባንያው ስቱዲዮ በማታ እየገቡ እንዲለማመዱ ፈቀዱላቸው። ሰውዬው ስለ ኤሌክትሪክ ምንም አያውቁም ነበርና ገመዱን ባልሆነ ቦታ እየሰኩ ክፍሎቹን ያቃጥሉ ጀመር። ሌላ ባለቤት ቢሆን ቁልፉን ይቀማቸው ነበር። ሞግና መሐንዲሶቻቸው ግን በየጧቱ የተቃጠለውን እየፈተሹ፥ ማንም ሰው በማናቸውም አኳኋን ቢሰካው የማይበላሽ እንዲሆን ንድፉን ለወጡት። ቦርደን ሳያውቁት የፋብሪካው መርማሪ ሆነው ሠሩ። ደመወዝ አልተከፈላቸውም፤ እርሳቸውም ለስቱዲዮው ኪራይ አልከፈሉም።

እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ በሠራተኛና በእንግዳ፥ በሥራና በጨዋታ መካከል ያለው ድንበር የሳሳ ይሆናል። ትሬቨር ፒንችና ፍራንክ ትሮኮ የተባሉት ጸሐፊዎች የቀድሞ ሠራተኞችን እየዞሩ ጠይቀው በ2002 ባወጡት መጽሐፍ ውስጥ የሚታየውም ይኸው ነው። አለቃው ራሳቸው ካውያ ይዘው ይበይዳሉ፤ መሐንዲሱም ከሙዚቀኛው ጋር ያመሻል። ብዙዎቹ ያን ዘመን የሚያስታውሱት በናፍቆት ነው። እኛም ይህን ስናነብ ልባችን ወደዚያ ቤት አዘንብሏል፤ ይሁን እንጂ ናፍቆት ለታሪክ ብቻውን ምስክር ሊሆን እንደማይችል አንዘነጋም። በናፍቆት የሚናገሩት በአብዛኛው መሐንዲሶቹና ሙዚቀኞቹ ናቸው። በጠረጴዛው ዙሪያ ተቀምጠው ሰሌዳ ይበይዱ የነበሩት ሴቶች ስለ ኡሳቼቭስኪ ሙዚቃ ምን ይሉ እንደ ነበር የሚነገረን ጥቂት ነው። በመሣሪያው ፊት ላይ የተጻፈው የአንድ ሰው ስም ብቻ ነበር።

በጥቅምት 1968 ዌንዲ ካርሎስ የባኽን ሙዚቃ በሞግ ሲንተሳይዘር ተጫውተው በኮሎምቢያ ሸክላ አሳተሙ። መሣሪያው አንድ ድምፅ ብቻ ስለሚያወጣ እያንዳንዱ መሥመር ለብቻው ተጫውቶ በቴፕ ላይ ተደራርቦ የተቀረጸ ነው። በየጥቂቱም መሣሪያው ከቃናው ስለሚሸሽ እያቆሙ ማስተካከል ያስፈልግ ነበር። ካርሎስ ከሞግ ጋር ከ1964 ጀምሮ የሚተዋወቁ፥ ጉድለቱንም ፊት ለፊት የሚናገሩ ደንበኛ ነበሩ። ሸክላው ማንም ያልጠበቀውን ገበያ አገኘ፤ በ1970 ሦስት የግራሚ ሽልማት ተቀበለ።

የዚህ ዜና ውጤት በትሩማንስበርግ ላይ እንደ ጎርፍ ወረደ። የሸክላ አሳታሚዎችና የማስታወቂያ ቤቶች ሁሉ «ሞግ» እንዲኖራቸው ፈለጉ። በብዙ ሺህ ዶላር የሚሸጠውን መሣሪያ የሚያዙት ሰዎች በረከቱ፤ ሠራተኛ ተጨመረ። በነሐሴ 1969 ደግሞ በኒው ዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም የአትክልት ስፍራ በሕዝብ ፊት የሚቀርብ ኮንሰርት ስለ ታቀደ፥ በመድረክ ላይ ሊጫወቱባቸው የሚቻሉ አራት መሣሪያዎች በጥድፊያ ተሠርተው ቀረቡ። ለአንድ ዓመት ያኽል ሥራው ዕረፍት የሌለው ነበር።

ነገር ግን ከገዢዎቹ ብዙዎቹ የገዙት ሙዚቃውን ሳይሆን ዝናውን ነበር። መሣሪያውን ከሣጥኑ ካወጡት በኋላ ባኽ በራሱ አልወጣላቸውም። ካርሎስ ወራት የፈጀባቸውን ሥራ በአንድ ሳምንት ሊሠሩ የፈለጉ አሳታሚዎች ደካማ ሸክላዎች አወጡ፤ ሸክላዎቹም አልተሸጡም። መሣሪያውን የሚፈልግ ስቱዲዮ ሁሉ ከገዛ በኋላ ሁለተኛ የሚገዛ አልተገኘም። በ1970 የአሜሪካ ኢኮኖሚ ተዳከመ። በ1969 የተቋቋመው አርፕ የተባለው ተወዳዳሪ ኩባንያም በማሳቹሴትስ ድምፁ ከቃናው ያነሰ የሚሸሽ መሣሪያ ይዞ ተነሣ። ትእዛዙ እንደ መጣ እንዲሁ ሄደ።

በዚህ ጊዜ ነው የኩባንያው የውስጥ ድካም የተገለጠው። ዶክተር ሞግ (በ1965 ከኮርኔል የዶክተርነት ማዕረጋቸውን ተቀብለው ነበር) ስለ ሒሳብ አያያዝና ስለ መንቀሳቀሻ ገንዘብ በዚያን ጊዜ ምንም ዕውቀት እንዳልነበራቸው በኋለኛው ዘመን ራሳቸው ሳይደብቁ ተናግረዋል። ኩባንያው ያለ በቂ ካፒታል የተነሣ ነበር፤ ከአንዱ ደንበኛ የሚገኘው ገንዘብ ለሚቀጥለው ደንበኛ ዕቃ መግዣ ይሆን ነበር። ትእዛዝ እስካለ ድረስ ይህ ይሠራል፤ ትእዛዝ በቆመ ቀን ግን ዕዳ ብቻ ይቀራል። ስለ ቦርደን ያነሣነውን እዚህ ላይ እንደገና ማሰብ ይገባል። ስቱዲዮውን በነጻ የመክፈት ቸርነት፥ የሙዚቀኛውን አሳብ ሁሉ የመሞከር ትዕግሥት፥ ለእያንዳንዱ ገዢ እንደ ልኩ የመሥራት ልማድ ሁሉ ዋጋ ነበረው። የማን ኪስ ይከፍለው እንደ ነበር የጠየቀ አልነበረም። አንዳንዶች ኩባንያው የወደቀው ሞግ ጥበበኛ እንጂ ነጋዴ ስላልነበሩ ነው ይላሉ። እኛ ግን በዚህ አነጋገር ሙሉ በሙሉ አንስማማም። መሣሪያውን መሣሪያ ያደረገው ነገርና ኩባንያውን ለዕዳ የዳረገው ነገር አንድና ያው ነበር ብንል ወደ እውነት የምንቀርብ ይመስለናል። ነጋዴ የሆነ ሰው የቦርደንን ቁልፍ በመጀመሪያው ሳምንት ይቀማ ነበር፤ መሣሪያውም የሚቃጠል ሆኖ ይቀር ነበር።

ኩባንያውን ለተወሰነ ጊዜ ያተረፈው ከሠራተኞቹ የመጣ አሳብ ነው። ቢል ሄምሳት የተባሉ መሐንዲስ፥ ገመድ ሳይሰካ የሚሠራ፥ ሰው በብብቱ ይዞት ሊሄድ የሚችል ትንሽ መሣሪያ ቢኖር መልካም ነው ብለው አሰቡ። በ1969 መጨረሻ ገደማ በምሳ ሰዓታቸው እየተቀመጡ፥ ከተጣሉና ከተበላሹ ክፍሎች እየለቀሙ፥ የቁልፍ ሰሌዳውንም በመጋዝ አሳጥረው፥ አንድ አዳዲስ ነገር የሌለበት መሣሪያ ገጣጠሙ። ይህ ሚኒሞግ ሞዴል ኤ የተባለው ነው። ከእርሱ ቀጥሎ ቢና ሲ ተሠሩ። ሞግ ነገሩን ወደውት ነበር፤ ሆኖም ይሸጣል ብለው ብዙም አላመኑም። ሄምሳት እንደ ተናገሩት፥ በ1970 ሞግ ከመንደሩ ወጥተው በሄዱበት ጊዜ መሐንዲሶቹ ኩባንያው ሊዘጋ ነው ብለው ፈርተው፥ ያለ ፈቃድ አራተኛውን ሞዴል፥ ሞዴል ዲን፥ ለሽያጭ መሥራት ጀመሩ። አለቃው ሲመለሱ ተቈጡ። ቊጣቸው ግን አልቈየም፤ የተሠራውን ዕቃ አዩትና ተቀበሉት።

እንዲህ ያለ አለመታዘዝ በየትኛው ፋብሪካ እንደሚደረግ አናውቅም፤ ምናልባትም በዚያ ቤት ብቻ ይቻል ነበር። በሞዴል ዲ ላይ ከሄምሳት ሌላ ጂም ስኮትና ቻድ ሃንት ሠርተዋል። የማጣሪያውን ክፍል ለዚህ መሣሪያ ያዘጋጁት ስኮት ሲሆኑ፥ ወደ ማጣሪያው የሚገባው ድምፅ ከሚገባው በላይ ብርቱ ሆኖ ተሠራ። ነገሩ የስሌት ስሕተት ነበር። ሆኖም ሙዚቀኞች የሚኒሞግን ወፍራምና ሞቅ ያለ ድምፅ የሚወዱት በከፊል ስለዚሁ ስሕተት ነው። ከቁልፎቹ በስተ ግራ ያለው፥ በአውራ ጣት ሲገፋ ድምፁን የሚያጐብጠው መንኮራኩርም በዚያው ጊዜ የተሠራ ነው። ለዚህ መንኮራኩር የፈጠራ መብት የጠየቀ ሰው አልነበረም። ዛሬ በዓለም ላይ የሚሸጥ የኤሌክትሮኒክስ ኪቦርድ ይህን መንኮራኩር ወይም አምሳያውን ሳይዝ የሚገኘው ጥቂት ነው፤ ለሠሩት ሰዎች ግን አንድ ሳንቲም አላስገባም።

ሚኒሞግ በ1,495 ዶላር ሲሸጥ ከትልቁ መሣሪያ ጋር ሲወዳደር እጅግ ርካሽ ነበር። ሆኖም ዕዳውን ለመክፈል የደረሰው ዘግይቶ ነው። በ1971 ቢል ዌይቴና የተባሉ ባለ ሀብት የኩባንያውን ዕዳ ተረክበው ኩባንያውን ያዙት። ሥራው ከትሩማንስበርግ ተነሥቶ በቡፋሎ ከተማ አጠገብ ወደ ዊልያምስቪል፥ ቀድሞ ጄላቲን ይሠራበት ወደ ነበረ ሕንፃ ተዛወረ። ከሠራተኞቹ አንዳንዶቹ ተከትለው ሄዱ። ትዳርና እርሻ የነበራቸው ግን ከመንደራቸው ሊነቀሉ አይችሉም ነበር።

በቡፋሎ ያለው ሥራ ሌላ መልክ ነበረው። ዴቪድ ቫን ኮቨሪንግ የተባሉ ነጋዴ ሚኒሞግን በመኪናቸው ጭነው ሙዚቀኞች በሚያመሹበት ሁሉ እየዞሩ ካሳዩ በኋላ፥ እስከዚያ ድረስ ሲንተሳይዘር ለማስቀመጥ እንቢ ይሉ የነበሩት የሙዚቃ ሱቆች መግዛት ጀመሩ። ከዚያ ወዲያ ሠራተኛው አንድ ዐይነት ዕቃ ደጋግሞ የሚሠራ ሆነ፤ ገዢውም በበሩ መግባቱን ተወ። እስከ 1981 ድረስ ከ12,000 በላይ ሚኒሞጎች ተሠርተዋል። ኩባንያው በ1973 የጊብሰን ጊታር ባለቤት ለነበረው ለኖርሊን ተሸጠ። ሞግ በስማቸው በሚጠራው ኩባንያ ውስጥ እንደ ተቀጣሪ ሆነው ቈይተው በ1977 ወጡ። ስማቸው ግን ከኩባንያው ጋር ቀረ፤ በኋላ በሰሜን ካሮላይና ያቋቋሙትን ቤት ቢግ ብራየር ብለው የሰየሙትም ስለዚህ ነው።

በራሳቸው ስም የመነገድ መብታቸውን ያስመለሱት በ2002 ነበር፤ ከሦስት ዓመት በኋላም በነሐሴ 2005 አሽቪል በተባለው ከተማ ዐረፉ። የአሽቪሉ ኩባንያ እንደ ትሩማንስበርጉ ሁሉ መሣሪያውን በእጅ የሚሠራ ቤት ነበር። በ2015 ባለቤቱ ከአክሲዮኑ 49 ከመቶ ለሠራተኞቹ አስተላለፉ። በ2022 ከሠራተኞቹ አንዳንዶቹ ስለ ደመወዛቸውና ስለ ሥራቸው ሁኔታ በጋራ ለመነጋገር ከኤሌክትሪክ ሠራተኞች ማኅበር ጋር ለመደራጀት ተነሡ። በሰኔ 2023 ኩባንያው የብዙ የሙዚቃ መሣሪያ ስሞች ባለቤት ለሆነው ለኢንሙዚክ ተሸጠ፤ በዚያው ዓመት በመስከረም ወር ካውያ ይዘው በአሽቪል ይሠሩ ከነበሩት ሰዎች ብዙዎቹ ከሥራቸው ተሰናበቱ።